ኮካና ፔፕሲ፦ ምላስ ያልፈረደበት ፉክክር

በ1931 ቻርልስ ጉዝ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ የዋጋ ቅናሽ ጠይቆ ተከለከለ። ጉዝ ሎፍት የሚባለው የከረሜላና የቸኮላት ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር። ኩባንያው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ከ100 በላይ ሱቆች ነበሩት፤ በሱቆቹ ውስጥ ለስላሳ በብርጭቆ እየተቀዳ ይሸጥ ነበር፤ ከሚሸጠውም ውስጥ ኮካ ኮላ ዋነኛው ነበር። ጉዝ በዓመት የሚገዛው ሽሮፕ ብዙ ስለሆነ እንደ ጅምላ አከፋፋይ ተቆጥሮ ዋጋ እንዲቀነስለት ጠየቀ። የአትላንታው የኮካ ኮላ ኩባንያ እምቢ አለ።

በዚያው ዓመት ፔፕሲ ኮላ የሚባል መጠጥ ለሁለተኛ ጊዜ ከስሮ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ጉዝ ስሙንና ቀመሩን ገዛ፤ የሎፍትን ኬሚስት ጣዕሙን እንዲያሻሽል አዘዘ፤ ኮካ ኮላንም ከሱቆቹ አስወጣ። ዛሬ በየአገሩ ሁለት ጎራ የፈጠረው ፉክክር ሥሩ ይህ የዋጋ ክርክር ነው።

ኮካ ይሻላል ወይስ ፔፕሲ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣዕም ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አሸናፊው ሲወሰን የኖረው ጠርሙሱ በስንት ተሸጠ፣ የት ተገኘ፣ ማንን አስተናገደ በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ይህ ምዕራፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተከትሎ ይሄዳል፤ የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ፋርማሲስቶች

ሁለቱም መጠጦች የተፈጠሩት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በመድኃኒት ቀማሚዎች እጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ጋዝ ያለው ውኃ ለጤና ይበጃል ተብሎ ይታመን ስለነበር ፋርማሲስቶች የየራሳቸውን ሽሮፕ እየቀመሙ ከሶዳ ጋር ይሸጡ ነበር።

ጆን ፔምበርተን በእርስ በርስ ጦርነቱ ቆስሎ፣ ሕመሙን ለማስታገስ በወሰደው ሞርፊን ሱስ ተይዞ የኖረ የአትላንታ ፋርማሲስት ነው። መጀመሪያ የሠራው ከወይን ጠጅና ከኮካ ቅጠል የተቀመመ መጠጥ ነበር። ከተማዋ አልኮልን ለመከልከል ስትነሣ የወይን ጠጁን ትቶ በስኳር ሽሮፕ ተካው፤ አዲሱ መጠጥም በግንቦት 1886 በአንድ መድኃኒት ቤት መሸጥ ጀመረ። ኮካ ኮላ የሚለውን ስም ያወጣለትና እስከ ዛሬ ብዙም ሳይለወጥ የቆየውን ጠምዛዛ ጽሑፍ የጻፈለት የሒሳብ ሠራተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። በመጀመሪያው ዓመት በቀን በአማካይ 9 ብርጭቆ ይሸጥ ነበር፤ የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ 5 ሳንቲም። ፔምበርተን በ1888 ሲሞት መጠጡ ገና ዝነኛ አልሆነም ነበር። ሀብቱ የተረፈው ለኤሳ ካንድለር ነው፤ ካንድለር መብቱን ሁሉ በ2,300 ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዝቶ በ1892 ኩባንያ አድርጎ አስመዘገበው።

ካሌብ ብራድሃም ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ኒው በርን በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ነበረው። በ1893 የቀመመውን መጠጥ በራሱ ስም ሲሸጥ ቆይቶ በ1898 ፔፕሲ ኮላ አለው። ንግዱ ለ20 ዓመታት ያህል አደገ፤ የጣለው ስኳር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ በብዙ እጥፍ ሲያሻቅብ ብራድሃም የበለጠ ይወደዳል ብሎ በውድ ዋጋ ገዝቶ አከማቸ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1923 ኩባንያው ከሰረ፤ ብራድሃምም ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለሰ።

አምስት ሳንቲም

የኮካ ኮላ ዋጋ ታሪክ በንግዱ ዓለም አቻ የለውም። በ1886 አምስት ሳንቲም የነበረው መጠጥ በ1950ዎቹም አምስት ሳንቲም ነበር። ሁለት የዓለም ጦርነቶችና አንድ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲያልፉ ዋጋው ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱ አንድ ውል ነው። በ1899 ሁለት የቻታኑጋ ከተማ ጠበቆች ወደ ካንድለር ቀርበው መጠጡን በጠርሙስ እየሞሉ የመሸጥ መብት ጠየቁ። ካንድለር ሐሳቡ በብርጭቆ በሚሸጠው ለስላሳ ላይ ነበር፤ ጠርሙስ የትም የሚደርስ ነገር አልመሰለውም። ስለዚህ መብቱን በ1 ዶላር ሰጣቸው። ውሉ የሽሮፑን ዋጋ ቆርጦ አስቀመጠ፤ የሚያበቃበትን ቀን ግን አላስቀመጠም። የጠርሙስ ሽያጭ ሲስፋፋ ኩባንያው ተያዘ፦ ሽሮፑን በውድ መሸጥ ስለማይችል ትርፍ የሚያገኘው ብዙ በመሸጥ ብቻ ነው። ብዙ ለመሸጥ ደግሞ የሙሌት ፋብሪካዎቹ ዋጋ እንዳይጨምሩ መከልከል ነበረበት። ዘዴው ቀላል ነበር፤ በየግድግዳው፣ በየሱቁ በር፣ በየጋዜጣው «5 ሳንቲም» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። ደንበኛው ዋጋውን አስቀድሞ ካወቀው ባለሱቁ ሊጨምርበት አይችልም። ውሉ በ1921 ከተሻሻለ በኋላም ዋጋው በልማድና በማሽን ታስሮ ቀረ። በየቦታው የተተከሉት መሸጫ ማሽኖች የሚቀበሉት የአምስት ሳንቲም ፍራንክ ብቻ ነበርና። የኩባንያው ታላቅ መሪ ሮበርት ውድረፍ በ1953 ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጽፎ የሰባት ሳንቲም ተኩል ፍራንክ እንዲቀረጽ እስከ መጠየቅ ደርሷል።

ጉዝ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በ1934 ያገለገሉ የቢራ ጠርሙሶችን እየገዛ በፔፕሲ መሙላት ጀመረ። የኮካ ጠርሙስ 192 ሚሊ ሊትር ይይዝ ነበር፤ የጉዝ ጠርሙስ 355። ዋጋው እኩል፣ አምስት ሳንቲም። ጊዜው ሚሊዮኖች ሥራ ያጡበት የቀውሱ ዘመን ነው፤ በአንድ ፍራንክ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል መጠጥ ማግኘት ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነበር። ኮካ ኮላ መልስ አልነበረውም። በመላ አገሪቱ የተበተኑት ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ማሽኖቹ፣ ሣጥኖቹ ሁሉ የተሠሩት በአንድ ልክ ነው። በ1915 በኢንዲያና የተነደፈው፣ በጨለማ ተዳስሶም የሚለየው ባለወገብ ጠርሙስ የኩባንያው መታወቂያ እንደነበረ ሁሉ አሁን ማሰሪያው ሆነ። ፔፕሲ በአስርት ዓመቱ መጨረሻ እጥፉን በአንድ ፍራንክ የሚያበሥር አጭር ዜማ በራዲዮ ለቀቀ፤ ዜማው ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘመረ።

ጉዝ ግን የድካሙን ፍሬ አልበላም። ፔፕሲን የራሱ ንብረት አድርጎ የያዘው በሎፍት ገንዘብ፣ በሎፍት ሠራተኞችና በሎፍት ሱቆች ነበር። ኩባንያው ከሰሰው፤ የዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1939 ድርሻውን ለሎፍት እንዲያስረክብ ፈረደ። ፍርዱ አንድ የኩባንያ መሪ ለኩባንያው የመጣን ዕድል ለራሱ መውሰድ እንደማይችል ስላጸና እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

ማን ተጋበዘ?

ከጉዝ በኋላ ፔፕሲን የመራው ዋልተር ማክ፣ ትልቁ ተቀናቃኝ ትኩረት ያልሰጠውን ገበያ አየ። የጥቁር አሜሪካውያን ገበያ ነበር። በዚያ ዘመን በአብዛኛው ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሰው ከታየ እንደ አሽከር ወይም እንደ መሳቂያ ሆኖ ነው። በ1947 ማክ ኤድዋርድ ቦይድን ቀጠረ። ቦይድ የጥቁር ሻጮች ቡድን አቋቋመ፤ ያሠራቸው ማስታወቂያዎችም በደንብ የለበሱ፣ የተማሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ የሚዝናኑ ጥቁር ቤተሰቦችን የሚያሳዩ ነበሩ። በአንዱ ላይ የሚታየው ልጅ ሮን ብራውን አድጎ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሆኗል።

ሻጮቹ ደቡቡን ሲዞሩ ብዙ ሆቴል አያሳድራቸውም፣ ምግብ ቤት አያስገባቸውም ነበር። ቢሆንም በየአብያተ ክርስቲያኑና በየኮሌጁ እየገቡ ሽያጩን ከፍ አደረጉ። ይህ ሥራ ክብር የሚገባው ነው፤ ኩባንያው ራሱ ግን እስከ መጨረሻው አልቆመበትም። ፔፕሲ የጥቁሮች መጠጥ ተብሎ እንዳይጠራ የሚሰጉ አለቆች ነበሩ። በ1950 መሪነቱን የያዘው አልፍሬድ ስቲል፣ ራሱ ከኮካ ኮላ የመጣ ሰው፣ መጠጡን ከርካሽነት ስም አውጥቶ የባለጸጋ ቤት መጠጥ ሊያደርገው ፈለገ። የቦይድ ቡድንም ተበተነ።

ኮካ ኮላ በበኩሉ የጋበዘው ወታደሩን ነበር። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ውድረፍ የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ የትም ቢሆን አንድ ጠርሙስ በአምስት ሳንቲም እንዲያገኝ አዘዘ። ለኩባንያው የሚወጣው ወጪ ከግምት እንዳይገባ አደረገ። በሰኔ 1943 ጄኔራል አይዘንሃወር ከሰሜን አፍሪካ በቴሌግራም አሥር የሙሌት ፋብሪካ ዕቃ እንዲላክለት ጠየቀ። ጦርነቱ ሲያበቃ 64 ፋብሪካዎች ተተክለው ነበር፤ ወታደሮቹም ከ5 ቢሊዮን በላይ ጠርሙስ ጠጥተዋል። ሰላም ሲወርድ ፋብሪካዎቹ እዚያው ቀሩ። ከአውሮፓ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ኮካ ኮላ የገበያ በር ሳያንኳኳ ውስጥ ተገኘ።

ሞስኮ፣ ጅዳ፣ ቴል አቪቭ

አሜሪካና ጦሯ በደረሱበት ኮካ ከቀደመ፣ ፔፕሲ የቀደመው ኮካ ባልደረሰበት ነው። በ1959 በሞስኮ የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የፔፕሲው ዶናልድ ኬንዳል ምክትል ፕሬዚዳንቱን ኒክሰንን ለክሩስቾቭ መጠጡን እንዲያስቀምሱለት ለመናቸው። የሶቪየቱ መሪ ፔፕሲ ሲጠጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በ1972 ውል ተፈረመ፤ ሩብል በውጭ ስለማይመነዘር ሶቪየቶች የከፈሉት በስቶሊችናያ ቮድካ ነበር። በ1974 በኖቮሮሲስክ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቮድካው አልበቃ ሲል በ1989 ከክፍያው አካል 17 አሮጌ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችና ሦስት የጦር መርከቦች ሆኑ፤ ለብረታቸው እንዲሸጡ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ግን ከአሮጌው ሥርዓት ጋር መታሰሩ ፔፕሲን ጎዳው፤ ኮካ አዲስ ፋብሪካ እየተከለ በጥቂት ዓመታት ቀደመው።

በመካከለኛው ምሥራቅ ጠርሙስን የከፋፈለው ጦርነትና ፖለቲካ ነው። ኮካ ኮላ በ1966 በእስራኤል የሙሌት ፈቃድ ሲሰጥ የዓረብ ሊግ ማዕቀብ ጣለበት፤ ከ1968 እስከ 1991 ከብዙ የዓረብ አገሮች ገበያ ወጣ። ፔፕሲ በአብዛኛው የዓረቡ ዓለም ያለ ተቀናቃኝ ቀረ፤ በእስራኤል ግን እስከ 1992 አልተሸጠም።

ይህ ክፍፍል ኢትዮጵያውያንንም ነክቷል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄዱ ኢትዮጵያውያን በጅዳ ሱቆች ያገኙት ፔፕሲ ነው። በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ያገኙት ኮካ ነው። ከአንድ አገር ወጥተው በሁለት አገሮች የሰፈሩ ሰዎች ስለ ለስላሳ የተለያየ ልማድ ያዙ፤ የመረጠላቸው ጣዕም አልነበረም።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ነበሩ። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መሞላት የጀመረው በ1959 ሲሆን በ1965 የድሬዳዋ ፋብሪካ ተጨመረ። ፔፕሲም በአዲስ አበባ ፋብሪካ ነበረው። ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ በዓለም ሁሉ የሚፎካከሩት ሁለት መጠጦች እዚህ አንድ ባለቤት አገኙ፤ መንግሥት። ከ1991 በኋላ ወደ ግል ሲዞሩ እንደገና ተለያዩ። የፔፕሲን ፋብሪካዎች በ1996 የተቋቋመው ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ ወሰደ፤ ሚሪንዳና ሰቨን አፕም በእሱ ስር ሆኑ። ኮካ፣ ፋንታና ስፕራይት የሚሞሉት በምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ ነው።

የአዲስ አበባን ወይም የጎንደርን አንድ ምግብ ቤት ያየ ሰው ፉክክሩ እንዴት እንደሚሠራ ይረዳል። ኮካ ያዘዘ ደንበኛ «ፔፕሲ ነው ያለው» ሲባል ብዙውን ጊዜ «አምጪው» ይላል። ቤቱ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። የብርጭቆ ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ ሙሉ ሣጥን ለማግኘት ባዶውን ሣጥን ከነጠርሙሱ ማስረከብ ያስፈልጋል። ሃያ ሣጥን የኮካ ባዶ ያለው ነጋዴ በእሱ ፔፕሲ ሊያወጣበት አይችልም፤ ልቀይር ካለ አዲስ የጠርሙስ መያዣ መክፈል አለበት። በር ላይ የቆመው፣ የኩባንያው ቀለምና ስም ያለበት ፍሪጅም የሌላውን ጠርሙስ እንዲያቀዘቅዝ አልተሰጠም። የመኪናው መምጣትና መዘግየት፣ የስኳር አቅርቦት፣ ከውጭ ለሚገባው ማጣፈጫ ቅመም የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ፣ እነዚህ ሁሉ ከምላስ በፊት የሚቀድሙ ናቸው።

ጉንጭና ጠርሙስ

ፔፕሲ ጣዕምን ዳኛ ያደረገው በ1975 ነው። በዳላስ ስማቸው ያልተጻፈባቸው ሁለት ኩባያዎች ለሰው ቀረቡ፤ ከሚቀምሱት የሚበልጡት ፔፕሲን መረጡ። የፔፕሲ ፈተና ተብሎ በቴሌቪዥን ሲታይ አትላንታ ተሸበረች፤ ኩባንያው በራሱ ባደረገው ቅምሻም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ 60 በመቶ ይደርስ የነበረው የኮካ ኮላ የአሜሪካ ገበያ ድርሻ በ1983 ከ24 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። በኩባ የተወለደው የኩባንያው መሪ ሮቤርቶ ጎይዙዌታ ቀመሩን ለመቀየር ወሰነ።

አዲሱ ቀመር ከመውጣቱ በፊት ወደ 200,000 በሚጠጉ ቅምሻዎች ተፈትኖ አሮጌውንም ፔፕሲንም አሸንፏል። በሚያዝያ 23 ቀን 1985 ሲታወጅ የፔፕሲው ሮጀር ኤንሪኮ ተቀናቃኙ መሸነፉን አመነ ብሎ ለሠራተኞቹ የዕረፍት ቀን ሰጠ። ከዚያ የተከተለውን ማንም አልጠበቀውም። ስልክና ደብዳቤ በአትላንታ ላይ ዘነበ፤ ሰዎች አሮጌውን ኮካ በሣጥን እየገዙ አከማቹ። በሐምሌ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የድሮው ቀመር ተመለሰ፤ ሽያጩም ከበፊቱ የበለጠ አደገ።

ስህተቱ ከፈተናው ይጀምራል። ፔፕሲ ከኮካ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሽታውም ይጎላል። አንድ ጉንጭ ቀምሶ የሚሄድ ሰው ጣፋጩን ይመርጣል፤ ሙሉ ጠርሙስ ከምግብ ጋር የሚጨርስ ሰው ግን ያው ጣፋጭነት ሊሰለቸው ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ፈተናው ስሙን መደበቁ ነው። በ2004 በሂዩስተን የቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች 67 ሰዎችን አጠኑ። ስም ሳይታይ ሲቀምሱ ምርጫቸው ለሁለት እኩል ተከፈለ፤ እወደዋለሁ ካሉት መጠጥ ጋርም አልገጠመም። የሚጠጡት ኮካ መሆኑ ሲነገራቸው ግን ምርጫቸው ወደ እሱ አዘነበለ፤ በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ሲታዩም ከትዝታ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ነቁ። የፔፕሲ ስም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። የአምስት ሳንቲሙ ማስታወቂያ፣ የጦር ሜዳው ጠርሙስና የልጅነት በዓል ሁሉ በዚያ ስም ውስጥ ተጠራቅመው ነበር።

ዛሬ የት ናቸው?

ሁለቱ ኩባንያዎች ዛሬ የሚመሳሰሉት በመደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ኮካ ኮላ በዋነኛነት የሚሸጠው ማጣፈጫ ቅመሙንና ስሙን ሲሆን፣ ፋብሪካውን፣ መኪናውንና ጠርሙሱን የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። ፔፕሲ በ1965 ከፍሪቶ ሌይ ጋር ተዋህዶ ወደ ምግብ ገባ፤ የድንች ጥብስ፣ ዶሪቶስና የኩዌከር አጃ የእሱ ናቸው። በ2023 የፔፕሲኮ ገቢ 91 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የኮካ ኮላ 46 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በኩባንያነት ፔፕሲ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በመጠጥነት ግን በአሜሪካ ለአስርት ዓመታት በአብዛኛው ይዞት የኖረውን ሁለተኛ ቦታ በ2023 ዶክተር ፔፐር ነጠቀው።

ጠጪው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በተመለከተ ሁለቱ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። በአሜሪካ በሚሸጠው ባለ 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ ኮካ 39፣ ፔፕሲ 41 ግራም ስኳር ይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ነው። በስኳር በሽታ ላይ ያለው ስጋት እየጨመረ ሲሄድ ሁለቱም ስኳር ወደሌለባቸው ዓይነቶች ዞረዋል፤ ፔፕሲ ማክስ በ1993፣ ኮካ ዜሮ በ2005 ወጡ። በ2025 ፔፕሲ የዳላሱን ፈተና 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ስም የሌላቸውን ኩባያዎች እንደገና ወደ ከተሞች አወጣ፤ በዚህ ጊዜ የተፎካከሩት ስኳር የሌላቸው ሁለቱ ናቸው።